ሄቲ እጇን ስትታጠብ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌብሩዋሪ 1929

ለምወድሽ አክስቴ ዚላ፣

ይህ ወረቀት በደህናሽ ቀን፣ ጉልበትሽንም ሳያምሽ እንዲደርስሽ እየለመንኩ ጀመርኩት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዝናብ የለም፤ ስለሌለ እንኳ አንዳንዴ ሆድ ይብሰኛል። ለዊልፍ፣ ለሥራ ባልንጀራሽ ለአዳ፣ ለፋብሪካው ሴቶች በሙሉ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ። አንዷን ዘልለሽ እንዳታጣይኝ።

ወሬ ልንገርሽ። ከጭፈራ ቡድኑ ወጥቼ ፊልም ሠራተኛ ሆኛለሁ። ድምፅ ያለው ነው፣ አጭር፣ የሚያስቅ። የሀብታም ልጅ ሆኜ ነው የምሠራው። የዕንቁ ሐብሌ እጅ መታጠቢያው ውስጥ ይገባብኛል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ እሱ ሐብሉን ሲፈልግ በእኔ ፍቅር ይወድቃል፣ አባቴ በዱላ ያባርረዋል፣ ቤቱ በውኃ ይሞላል። ከዚያ እንጋባለን። ሐብሉ ብርጭቆ ነው፤ ለማንም እንዳታወሪ።

የሥራው ነገር ግን ብታዪው ትስቂያለሽ። የካሜራው ሞተር ይጮሃል ብለው ሰውዬውን ከነካሜራው ቁም ሳጥን በሚያህል ነገር ውስጥ ይዘጉበታል። ሲወጣ ከገላ መታጠቢያ የወጣ ነው የሚመስለው። ማይክሮፎኑ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ስለተደበቀ የፍቅር ቃላችንን ሁሉ የምንናገረው ለአበባው ነው። ድሮ ዳይሬክተሩ አጠገብ ቆሞ ይጮህ ነበር አሉ። አሁን ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ሁሉም ሰው ጆሮ ብቻ ሆኗል፤ የሚያይ የለም።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረውን ልንገርሽ። ድምፄን ሲሞክሩ ሳቁብኝ። የገንዘቡም የፊልም ቤቱም ባለቤት ሚስተር ፕሬንቲስ የሚባል ነው። «ፊትሽ የሚሊየነር ልጅ ነው፣ አፍሽ ግን የዓሣ ነጋዴ» አለኝ። ስለዚህ ሚስ ዳልሪምፕል የምትባል ወፍራም ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ትናገርልኛለች፤ እኔ ከፊት ሆኜ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ተመልካቹ ድምፁ ከእኔ የወጣ ይመስለዋል። ከንፈር ማንቀሳቀሱ እንደሆነ ከአንቺ የተማርኩት ስለሆነ አልቸገረኝም።

ሳሚልኝ፣ ሁሉንም።

የወንድምሽ ልጅ ሄቲ

*

በርንሊ፣ ማርች 1929

ለልጄ ለሄቲ፣

ያሳደገሽ አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ከእኔ ጋር መኖር ለምዷል። ልጄ ዊልፍ እንደምታውቂው የጭነት መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነው። በስድስት ወር አንዴ መጥቶ ድስቴን ሁሉ ያዘበራርቅና ይሄዳል። ፋብሪካው ሥራ ቀንሶ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የምንሠራው። ሰላምታሽን ለሁሉም አድርሻለሁ። የአዳን ለመጨረሻ አቆይቼው ስለነበር ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት የሽመና መኪናዎቹ መሃል ቆሜ ያለ ድምፅ በከንፈር አነበብኩላቸው። ጩኸቱ እንደምታውቂው ነው፤ ጆሮ ስለማይሰማ የምንነጋገረው ከንፈር ለከንፈር እየተያየን ነው። እስከ ወዲያኛው ጥግ ድረስ ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ካቦው «ምን ያስቃችኋል?» ብሎ መጣ፤ የምናላምጥ አስመሰልን። ስንት ዓመት ሙሉ ፊቱ ላይ ስናማው ዳቦ የምናኝክ ይመስለዋል፣ ምስኪን።

አፍሽ የዓሣ ነጋዴ ነው ያለሽ ሰውዬ የዓሣ ነጋዴ አፍ ምን እንደሚችል አያውቅም። ይህንን ከእኔ ብለሽ ንገሪው። ወይም ተይው፣ እንጀራሽን ያሳጣሻል። ግን ምን ዓይነት ሰው ነው? ሚስት አለችው? ስለ ካሜራው ብዙ ጻፍሽልኝ፣ ስለ እሱ አንድ መስመር። አንቺን አውቅሻለሁ፤ የምትፈሪውን ነገር በአንድ መስመር ነው የምታልፊው።

በደንብ ብዪ።

አክስትሽ ዚላ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ጁን 1929

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዚላ ከርሾ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሚስተር ፕሬንቲስ ደብዳቤዎቼን እያነበበ ስሕተቴን ሊያርምልኝ ፈቃደኛ ስለሆነ ከእንግዲህ ያለ ግድፈት ይደርስዎታል። ፖስታ ቤትም ራሱ ነው የሚወስደው።

አሁን የምኖረው ኮረብታው ላይ፣ በእሱ ቤት፣ ከእህቱ ከሚስ ኮራ ጋር ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ የአትክልት ቦታውም በከፍተኛ ግንብ የታጠረ ነው። ሕዝቡ ድምፁ የእኔ መስሎት እንዲቀጥል ከውጭ ሰው ጋር ባልነጋገር እንደሚሻል ተስማምተናል። አንድ ቀን አንድ ጋዜጠኛ ስናገር ቢሰማኝ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በሱቅም በቤተ ክርስቲያንም ሚስ ኮራ ትናገርልኛለች። ስልኩንም ነቅለው ከቤት አስወጥተውታል። ለእኔው ጥቅም ነው።

የምተኛበት ክፍል ከእኔ በፊት የሌላ ተዋናይት ነበር። ጫማዎቿን ሁሉ ትታ ነው የሄደችው። ልኬ ስለሆኑ ሚስተር ፕሬንቲስ አድርጊያቸው ብሎኛል።

በሚቀጥለው ዓመት ልንጋባ አስበናል። ደስታዬን እንደሚካፈሉ አልጠራጠርም።

ታዛዥዎ፣ ሄቲ

*

በርንሊ፣ ጁላይ 1929

ለሄቲ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው። ግን ቆይ፣ ከመቼ ወዲህ ነው «እርስዎ» የሆንኩት? ወይዘሮ ዚላ ከርሾ የምትባል ሴት በፖሊስ ጣቢያና በቀብር ማኅበር ብቻ ነው የምትታወቀው። ደብዳቤሽን ለአዳ ሳሳያት «ይሄ በነጭ ጓንት የተጻፈ ነው» አለች።

ሚስተር ፕሬንቲስ፣ ይህንንም እርስዎ እያነበቡ ከሆነ ሰላም ይድረስዎ። የወንድሜ ልጅ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ እጄ ላይ ናት። ወሬ ካላወራች ያማታል። በልጅነቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝም በይ ብያት ከአግዳሚው ሥር ገብታ ለራሷ ታወራ ነበር። ዝም ማሰኘቱ ለፊልሙ ይበጅ ይሆናል፣ ለእሷ ግን አይበጃትም። በትሕትና ነው የምናገረው።

ሄቲ፣ የሰው ጫማ አታድርጊ። ያቺ ልጅ ጫማዋን ትታ በምን ሄደች? እኔ እዚህ ሆኜ ስለማላውቃት ሴት እግር ማሰብ ጀምሬአለሁ።

የእንጨት ጫማሽን፣ ሁላችን ፋብሪካ የምናደርገውን ዓይነት፣ አስጠርቤ፣ ብረቱን አስመትቼ ልኬልሻለሁ። ለቤት ውስጥ ነው በያቸው።

የዕረፍት ሳምንታችን ደርሷል። ብላክፑል ሄደን ባሕር ዳር ቁጭ ብለን ዝናብ እናያለን። ፊደሉ ቢጣመምም ግድ የለም፣ በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ።

አክስትሽ ዚላ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ኦክቶበር 1929

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እጸልያለሁ። የእንጨት ጫማው ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ሥራ ስለበዛብኝ ብዙ ወራት ሳልጽፍ ቀረሁ። ሠርጋችን ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ሳምንት እንዲሆን ተወስኗል። ከዚያም ለሁለተኛው ፊልም እንዘጋጃለን።

ስለ ራሴ የምጽፈው ብዙም የለኝም። ፊልሙ ግን በዚህ የብርድ ወራት እናንተም ዘንድ ይደርሳል፤ ሚስተር ፕሬንቲስ በሁሉም ከተማ እንደሚታይ ነግሮኛል። እባክዎ ይሂዱ። የፋብሪካውን ሴቶችም ሁሉ ይዘው ይሂዱ፣ ከፊት ይቀመጡ። በተለይ መጨረሻ ላይ የቀረጽነውን፣ በመስታወቱ ፊት እጄን የምታጠብበትን ክፍል ወድጄዋለሁ። ሚስ ዳልሪምፕል ረጅሙን የፍቅር ንግግር የተናገረችው እዚያ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ጭንቅላቱን መታጠቢያው ሥር ስለከተተ የሚታየው የእኔ ፊት ብቻ ነው። ሚስተር ፕሬንቲስ በጆሮው ሰምቶ በአንድ ጊዜ ነው ያሳለፈው። «አንድም እንከን የለበትም» አለ።

ደስ ይለኛል ብታዩኝ።

ሄቲ

*

በርንሊ፣ ጃንዋሪ 1930

ለልጄ ለዊልፍ፣ ካርዲፍ ወደብ፣ ለመርከቡ ወጥ ቤት

እንደምነህ። ይህን ደብዳቤ ለብቻህ ሆነህ አንብበው፣ ስትጨርስ ምድጃህ ውስጥ ክተተው።

የሄቲ ፊልም መጣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ሰው ሄቲን ለማየት ከኔልሰን ከተማ ድረስ መጥቷል። እኛ የፋብሪካው ሴቶች ከፊት ርካሾቹ አግዳሚዎች ላይ ሦስት መደዳ ያዝን። ድምፁ ሲወጣ ሁላችንም ደነገጥን፤ የእኛ ሄቲ እንደ ንግሥት ታወራለች። ሳቅን። ቧንቧ ሠራተኛው በአፉ ውኃ ሲረጭ አዳ እስከ እንባዋ ሳቀች።

ከዚያ መስታወቱ ፊት ቆማ እጇን መታጠብ ጀመረች። ያቺ የመጋረጃ ጀርባ ሴት «ድሃ ሰው ቢያፈቅረኝ ዕንቁዬን ሁሉ እጥልለት ነበር» እያለች ታለቃቅሳለች። የሄቲ ከንፈር ግን እሱን አልነበረም የሚለው። መጀመሪያ ዓይኔ አታለለኝ ብዬ ነበር። አዳ እጄን ጨመቀችኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሦስቱም መደዳ ዓይኑን ከንፈሯ ላይ ተክሏል። ከኋላችን አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኛ እንደ ድንጋይ ተቀምጠናል።

ያለችው ይህ ነው። «አክስቴ ዚላ፣ እኔ ነኝ። ቆልፈውብኛል። ቁልፉ እህቱ ጋ ነው። ደብዳቤ ላይ ምንም እንዳትጽፊ፣ ያነበዋል። ካገባኝ አልወጣም። ዊልፍን ላኪልኝ። ሐሙስ ሐሙስ ፀጉር ቤት ይወስዱኛል፣ ኮራ ከፊት ትቀመጣለች፣ ጓሮው በር አለው።» ከዚያ ፀጉር ቤቱ ያለበትን መንገድ ስም ስትናገር ፎጣ ልታነሣ ዞር አለችብን። አመለጠን። በነጋታውም ተመልሰን ገባን፤ ገንዘብ የሌላቸው ዳቦአቸውን ትተው ገቡ። በሦስተኛው ቀን አዳ ከጉንጯ እንቅስቃሴ አወጣችው። አልደር መንገድ ነው።

መጨረሻ ላይ ደግሞ እጇን እየጠረገች፣ ፈገግ ብላ፣ «ጫማዎቹ የማን እንደሆኑ አውቄአለሁ» አለች። ያቺ ሴት በድምፅ «ውዴ» ስትል ክፍሉ አለቀ።

እኔ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አላውቅም፣ ዊልፍ። ፖሊስ ጋ ሄጄ ምን ልበል? «ከአንድ የቀልድ ፊልም ላይ በከንፈር አነበብን» ብል ካቦውም ይስቅብኛል። ካፒቴንህ የዳርዌን ከተማ ልጅ ነው፤ እናቱ ሸማኔ ነበረች። ለእሱ ንገረው፣ እሱ ይገባዋል። መርከባችሁ ወደ ካሊፎርኒያ የምትዞር ከሆነ ሂድ። የማትዞር ከሆነ የምትዞረዋን ፈልግ። ከፋሲካ በፊት ነው።

እግዚአብሔር እጅህን ይያዝ።

እናትህ

*

በርንሊ፣ ጃንዋሪ 1930

ለምወድሽ ሄቲ፣

ለአንቺም ለሚስተር ፕሬንቲስም ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ። ፊልሙን አየነው፤ ሦስት ጊዜ አየነው። ከተማው ሁሉ ስለ አንቺ ነው የሚያወራው። እንዳልሽው ከፊት ተቀመጥን። እጅሽን ስትታጠቢ አንድም ነገር አላመለጠንም። ሁሉንም ወደድነው። አዳ በተለይ ጉንጭሽን አድንቃለች።

ዊልፍ ሰላም ብሎሻል፤ እንደ ልማዱ በመርከብ ወጥቷል። ለሠርግሽ የሚሆን ጨርቅ እኛ ራሳችን እየሸመንን ነው። ፀጉርሽንም ተንከባከቢ፣ ሙሽራ ፀጉሯ ነው የሚታየው።

አክስትሽ ዚላ

*

ሎስ አንጀለስ፣ ኤፕሪል 1930

ለክብርት ወይዘሮ ከርሾ፣

በአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከዚህ ቀደም በቀጥታ ባንጻጻፍም ደብዳቤዎችዎን ሁሉ በደስታ አንብቤአለሁ፤ ስለዚህ በሚገባ የምንተዋወቅ ያህል ይሰማኛል።

ሄቲ ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ የለችም። ፀጉር ቤት ገባች፤ እህቴ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀቻት። በጓሮ በኩል አንድ መርከበኛ ሲመላለስ ያየ ሰው አለ። ልጅዎ መርከበኛ መሆኑን ከደብዳቤዎችዎ አውቃለሁ።

እንዴት እንደተነጋገራችሁ ግን ሊገባኝ አልቻለም። የላከችልዎትን እያንዳንዱን ቃል እኔ አንብቤዋለሁ። የላኩላትንም እንዲሁ። እርስዎ ፊልሙን ሦስት ጊዜ ማየትዎን ጽፈዋል። እኔም ይኸው አሥር ጊዜ አስጀምሬ አዳመጥኩት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሚስ ዳልሪምፕል አንድም ቃል አልጨመረችም፣ አንድም አላጎደለችም።

ሌላ ጉዳይ አለ። የፊልሙ የዕንቁ ሐብል ከእሷ ጋር ጠፍቷል። እውነተኛ ዕንቁ መሆኑን የሚመሰክሩ ሰዎች አሉኝ። ለሊቨርፑል ፖሊስ እንዳላመለክት ከፈለጉ ሄቲ ስትደርስ ለሚጠብቃት ሰው አሳልፈው ይስጧት። ሰውየው ቀደም ብሎ ደጅዎ ላይ ይሆናል። ትዕግሥተኛ ነው፤ ከእርስዎ ቤት በፊትም እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶልኛል። ያኔም ካመለጠችው ልጅ የተመለሱት ጫማዎቿ ብቻ ናቸው፤ በዚያ እስካሁን አዝናለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣

ላይል ፕሬንቲስ

*

ሊቨርፑል፣ ሜይ 1930

አክስቴ፣

ደርሰናል። ዊልፍ ወደብ አጠገብ አንዲት መበለት ቤት አስገብቶኛል፤ ይህችን ወረቀት የምታመጣልሽ የእሷ ልጅ ናት። ሐብሉን ሰረቀች ይሉኝ ይሆናል፤ እኔ ግን እዚያው መታጠቢያው ውስጥ ጥዬው ነው የመጣሁት። ብርጭቆ ነው፣ እምልልሻለሁ። የመጣሁት በላክሽልኝ የእንጨት ጫማ ነው፤ የእሷን ጫማ አላደረግኩም።

መርከቡ ላይ ድምፄን ሞከርኩት። ባሕሩ ላይ ጮህኩ። ካፒቴኑ መልሶ ጮኸልኝ፣ ልክ እንደ እኛ ሰፈር ሰው። ከዚያ አለቀስኩ።

ልምጣ? የሰፈራችን ዝናብ ናፍቆኛል። አንቺ ናፍቀሽኛል።

ሄቲ

*

በርንሊ፣ ሜይ 1930

ሄቲ፣ ልጄ፣

ያወጣሽ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህን የምጽፈው መንገዱን በመስኮት እያየሁ ነው፣ ፊደሌን ታገሺው። ወረቀቱን ለዚያችው ልጅ ነው የምሰጣት፤ ለፖስታ ቤት አልሰጥም።

ዛሬ አትምጪ። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ የዓሣና የድንች ጥብሱ ቤት ጥግ ላይ አንድ ቡናማ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሟል። ከሰኞ ጀምሮ ነው። ይገዛል፣ ይበላል፣ ጋዜጣ ያነባል፣ አይሄድም። ጨዋ ነው፤ ሲያየኝ ኮፍያውን ያነሣልኛል። አዳን «እርጥብ አየር ነው» አላት። «እዚህ ሁልጊዜ ነው» አለችው።

የፋብሪካው ሴቶች በየተራ ያልፉበታል። ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ሲመለሱ፣ ባልዲ ይዘው፣ ሻል ተከናንበው፣ ከመንገዱ ማዶ ለማዶ ሆነው ፊቱ ላይ በከንፈር ይነጋገራሉ። የት እንደሄደ፣ የት እንዳደረ፣ ከማን ጋር እንዳወራ ሁሉ ወሬው ደጄ ላይ ይደርሳል። ጆሮውን ወደ እነሱ ያዘነብላል፣ ምንም አይሰማም። የሚያላምጡ ይመስለዋል። ያ የኮረብታው ጌታ ለጻፈልኝ ደብዳቤ ግን መልስ አልጻፍኩለትም። ድምፁን ያዳምጥ።

ፈርቻለሁ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥሬአለሁ። ትናንት ባቡር ጣቢያ ሁለተኛ ሰው አይተናል፤ እሱ ኮፍያ የለውም፣ ስለዚህ ለመለየት ይከብዳል። ስለዚህ በዋናው ጣቢያ እንዳትወርጂ፤ አንድ ጣቢያ ቀድመሽ ወርደሽ በእግርሽ ወደ ፋብሪካው ነይ። ቅዳሜ ከሰዓት ፋብሪካው ሲለቀቅ ሴቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ በካናሉ፣ በጀልባዎቹ ቦይ፣ ዳር ይመጣል። ሻል ተከናንበሽ፣ የእንጨት ጫማሽን አድርገሽ፣ ከአዳ ጎን ግቢ። የዚያን ሁሉ ጫማ ድምፅ ከሰማ የማንን ለይቶ ያውቃል?

ካናሉ ድልድይ ላይ ስትደርሺ ግን ቁሚ። ከዚያ የእኔ መስኮት ይታያል። የጠረጴዛ ልብሱን ላራግፍ ብዬ ብቅ እላለሁ። እሱ ከታች ቆሞ ቢያየኝም እጄን እንጂ አፌን አያይም። አንቺ አፌን እዪ። መንገዱ ንጹሕ ከሆነ «ነይ» እልሻለሁ፣ ከዚያም የምለው ብዙ አለኝ፣ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ።

አፌ ተዘግቶ ካየሽ ግን አደጋ አለ ማለት ነውና አትጠብቂኝ። ጨርቁን እያራገፍኩ ፈገግ ብልም አትታለዪ። ዞረሽ ከሴቶቹ ጋር ሂጂ፣ እንዳትጠሪኝ።

አክስትሽ ዚላ